በዚህ ቤት የማይጠራው ረጅም ቃል

“አክስቴ፣ አንቺ ነይልኝ። እማዬ እንዳትመጣ። ካርዱን እሷ ከምታነበው አንቺ ብታነቢው ይሻላል።”

ዶርቃ ይህን የሰማችው ቅዳሜ በጠዋቱ፣ ወደ ጉሊት የምትወስደውን የሽንኩርት ማዳበሪያ አፉን ስታስር ነው። ልጇ ምስጢር ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ የአባቷን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው። መጋረጃ ግን ዓይን እንጂ ጆሮ አይጋርድም። ዶርቃ የጀመረችውን ቋጠሮ ሳትጨርስ እጇ ቆመ። ስልክ የተደወለላት ትሩፋት የባሏ የጌቱ ታላቅ እህት ናት፤ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ በፈረንጅ አፍ የተጻፈበትን ብልቃጥ አንስታ ያለ ምንም ችግር የምታነብ ሴት ናት። ዶርቃ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስትሆን ሁልጊዜ እጇን የት እንደምታስቀምጠው ይጠፋታል።

ዛሬ በምስጢር ትምህርት ቤት አዳራሽ የሳይንስ ክበቡ የቃላት ውድድር አለ። ልጆቹ ረጃጅምና ሰው የማያውቃቸውን የሳይንስ ስሞች እየፈለጉ፣ ከነትርጉማቸው ሲያጠኑ ነው ዓመቱን የከረሙት። ደንቡ እንዲህ ነው። የልጁ ወላጅ መድረክ ላይ ይወጣል፤ መምህሩ ልጁ አስቀድሞ የመረጠው ቃል ትርጉም በአማርኛ የተጻፈበትን ካርድ ይሰጠዋል፤ ወላጁ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ልጁ ደግሞ ያን ሁሉ ነገር በአንድ የጠቀለለውን ረጅም ስም ሳይንተባተብ ይጠራል። ዶርቃ ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ የምትጠብቀው ቀን አልነበራትም። በወረዳው አዳራሽ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ፊደሉን ጨርሳለች፤ ጣቷን ከሥር ከሥሩ እያስኬደች፣ ቀስ እያለች ታነባለች። አስተማሪዋ ኤልዳድ፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ምንም ያልቀረው ወጣት፣ “በመንገድ ያዩትን ጽሑፍ ሳያነቡ አይለፉ” ብሏታል፤ እሷም ትእዛዙን እንደ ጾም ትጠብቀዋለች። መድረክ ላይ ቆማ ለልጇ የምታነብበትን ቀን በሐሳቧ ስንት ጊዜ ቆማበታለች። አሁን ልጇ በስልክ “እማዬ እንዳትመጣ” አለች።

ጌቱ ከውጭ ገባ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ከግቢው በር ማዶ ቆይቶ መምጣት ለምዷል፤ አየር ልቀበል ነው ይላል። ፊቱ ቀልቷል። ሦስቱም ዳቦውን በሻይ እያጠቀሱ በሉ። ዶርቃ ልጇን አየቻት፤ ምስጢር ብርጭቆዋ ውስጥ አየች። ጌቱ ሚስቱንም ልጁንም ሳያይ፣ ዳቦው ከትናንቱ አነሰ ወይስ እኔ ነኝ የጨመርኩ አለ። ዳቦው ነው አለችው ዶርቃ፤ ዋጋው እንደነበረ ነው፣ መጠኑን ነው የሚቀንሱት። ጌቱ የሥራ ጃኬቱን ከሚስማሩ አውርዶ እንደ ልማዱ በር ላይ ወጥቶ አራገፈው። ነጩ ዱቄት ብን ብሎ የደጃፉን ጎመን አለበሰው። ፉሪ መንገድ ላይ ካለው የእብነበረድ መቁረጫ ቤት ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ምስጢር ሕፃን ሳለች “አባዬ ሽማግሌ ሆነ” እያለች ትስቅበት ነበር።

ሲጀመር ረጃጅሞቹ ቃላት የቤቱ ደስታ ነበሩ። ማታ ራት ላይ ምስጢር አንዱን ትጥላለች፤ አባትና እናት ትርጉሙን ይገምታሉ፤ ያላወቀ ሳህን ያጥባል። “ኦቶራይኖላሪንጎሎጂስት” ባለች ማታ ጌቱ ጉርሻውን እንደያዘ ትንሽ አሰበና የመኮሮኒ ዓይነት ነው ብሎ ፈረደ። ዶርቃ ደግሞ ከነህምያ ጋር ቅጥር ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም አለች። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ማለት መሆኑን ሲሰሙ ጌቱ፣ “በሉ እንግዲህ፣ ስሙን ጠርተን እስክንጨርስ ሕመሙ ራሱ ይለቀናል” ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ሳህኑን ያን ማታ አብረው አጠቡት።

ጨዋታውን ያቆመችው ዶርቃ ናት። አንድ ማታ ምስጢር የጣለችው ቃል የኩላሊት ሕመም ስም ሆኖ ተገኘ። ዶርቃ ገና ከሆሳዕና ሳትመጣ፣ ልጅ ሆና፣ ያሳደጓት የጸሎት እናቶች አማኝ የሕመምን ስም በቤቱ ላይ አይናገርም ይሏት ነበር፤ አፍ የጠራውን ቤት ይቀበለዋል። ተነሥታ እጇን በልጇ ራስ ላይ ጫነችና ቃሉን በኢየሱስ ስም ገሠጸችው። “በዚህ ቤት በሽታ በስሙ አይጠራም” አለች። ጌቱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው። ከዚያ ወዲህ ምስጢር ቃላቷን ከቤት ውጭ፣ ልብስ ማስጫው ሥር እየቆመች ነው የምታጠናው። ለውድድሩ የመረጠችውን፣ ከሁሉም ረጅሙን፣ ዶርቃ ድስት እያማሰለች ከሩቅ ትሰማዋለች። ፉርጎው የማያልቅ ባቡር ይመስላታል። ትርጉሙን ግን ጠይቃ አታውቅም።

ጉሊቷ ላፍቶ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ አጥር ሥር ነው። ጎረቤቷ ደራርቱ ጎመንና ወተት ትሸጣለች። የአገሩ ሰው ናት፤ ፎቆቹ የቆሙበት መሬት የአባቷ የበቆሎ ማሳ ነበር፤ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር “የአባቴ በቆሎ ነው የያዘው” ትላለች። ዛሬ ዶርቃ ቲማቲም ስትደረድር ትንሽ አየቻትና፣ “ምን በደለሽ፣ እንዲህ የምታፈርጪው?” አለቻት። ዶርቃ መልስ ሳትሰጥ አንዲት ሴት መጥታ የሽንኩርቱን ዋጋ ጠየቀች፤ ትናንት እንዲህ አልነበረም ብላ ተከራከረች፤ ደራርቱ ከጎን ሆና “ትናንት ትናንት ነው፣ እናቴ” አለቻት፤ ሴትየዋ ግማሽ ኪሎ ገዝታ እያጉረመረመች ሄደች። ከዚያ በኋላ ነው ዶርቃ ጠዋት የሰማችውን የተናገረችው። ልጄ አፈረችብኝ አላለችም። ያን ቃል ምላሷ ላይ ማምጣት አልቻለችም። አክስቷ ብታነብላት ይሻላታል አለች እንጂ።

ደራርቱ የጎመኑን እስር አጠበቀች። “ልጄ ኮርሳ ሲመረቅ፣ ጫማዬ ያሳፍረዋል ብዬ ከበሩ ላይ ቀረሁ” አለች። “ፎቶው ግድግዳዬ ላይ አለ። አጠገቡ የቆመችው የሰው እናት ናት።” ከዚያ የዶርቃን ሚዛን ወደ ራሷ ጎተተችው። “ሂጂ። ሽንኩርትሽን እኔ እሸጥልሻለሁ። ካረከስኩት ግን እንዳትወቅሺኝ።”

ቤት ገብታ እግሯን ታጠበች፤ እሑድ የምትለብሰውን ረጅም ቀሚስ ለበሰች፤ ሻሿን ሁለቴ ፈትታ አሰረች። መንገድ ላይ ዓይኗ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሮጠ። ጎሚስታ። የሚከራይ ሱቅ። ጥርስ እንተክላለን። የምታውቃቸውም ዛሬ ሸሹባት፤ ፊደሎቹ እንደ ፈራ በግ እርስ በርስ ተገፋፉ። ልቧን ለማጽናት መጀመሪያ ራሷን ችላ ያነበበችውን ቃል አስታወሰች። አምና ለጌቱ ምሳ ይዛ ሄዳ፣ ከሥራ ቤቱ በላይ የተሰቀለውን ቆርቆሮ ቀና ብላ አይታ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች “እብነበረድ” ብላ ነበር። ጌቱ ያን ጊዜ ከነአቧራው ብቅ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ እየቆረጥኩት እኔ ስሙን እንዲህ አሳምሬ ጠርቼው አላውቅም ብሏት፣ ነጭ እጁን ጉንጯ ላይ አሳርፎ አሻራውን ተወባት። ያንን ሳትጠርግ ነበር በታክሲ ወደ ቤቷ የተመለሰችው።

ያኔ ሳሉ ጀምሮት ነበር። ዶርቃ ብርድ ነው አለችው እንጂ ሌላ ስም አልሰጠችውም። ዝንጅብል አፈላች፣ ዳማከሴ ጨመቀች፣ ሌሊት ደረቱ ላይ እጇን ጭና ብርዱን ገሠጸች። ወደ ክረምቱ ላይ የሥራ ቤቱ መብራት ተቋርጦ ጌቱ ሳምንታት ቤት ተቀመጠ፤ ቤተ ክርስቲያኗም የጾም ጸሎት ያወጀችው በዚያው ሰሞን ነበር። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ዶርቃ በእሑድ ጉባኤ ድምፅ ማጉያውን ይዛ፣ ጌታ ባሌን ፈወሰው ብላ መሰከረች። ሰው ሁሉ እልል አለ። ጌቱ ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ ቆመ፤ እጅ ነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ እቤት ውስጥ ሲስል ሰምታው አታውቅም።

አዳራሹ ሞቆ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሮቹ በወላጆች ተሞልተዋል፤ አባቶች ስልካቸውን ለፎቶ ያዘጋጃሉ፣ እናቶች በፕሮግራሙ ወረቀት ያራግባሉ። ትሩፋት ፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዶርቃን ስታያት ከወንበሯ ብድግ አለች፤ የሰላምታ አነሣሥ አልነበረም። ጉሊት አልዋልሽም እንዴ አለቻት፤ አንቺ ደክሞሻል፣ ቁጭ በይ፣ ካርዱን እኔ አነበዋለሁ፣ ከልጅቷም ጋር እንዲያ ተነጋግረናል አለቻት። ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ ለስላሳ በሆነ ድምፅ ነበር። ዶርቃን ያቆሰላት ያ ልስላሴ ነው።

“እትዬ ትሩፋት” አለች፣ “ልጅቷን የወለድኳት እኔ ነኝ።”

ትሩፋት አንድ ነገር ልትነግራት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ስትል የምስጢር ስም ተጠራ። ዶርቃ ቀድማ ተነሣች። መድረኩ ላይ ምስጢር ነጭ ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆልፋ ቆማለች። እናቷ ደረጃውን ስትወጣ ስታይ ራሷን ነቀነቀች፤ ከወዲያ ወዲህ፣ በጣም በትንሹ፣ ማንም እንዳያይባት። ዶርቃ አየች። መምህር ዲንሳ ካርዱን በሁለት እጁ ሰጣትና፣ “ይረጋጉ፣ እናቴ፣ ጊዜ አለን” አላት።

ጽሑፉ በትልልቁ ነው የተጻፈው። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አኖረች። “በጣም . . . የደቀቀ . . . የድንጋይ . . . ብናኝ” አለች። ድምፅዋ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ገብቶ የሌላ ሴት ሆኖ ተመለሰላት። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፤ የሆነ ሰው ዝም አሰኘው። “ለብዙ ጊዜ . . . ወደ ሳንባ . . . በመግባቱ . . . የሚመጣ።” ቀጣዩን ቃል ጣቷ ሲደርስበት አወቀችው። ልታነበው አልፈለገችም። ግን ካርድ ነው፣ ትምህርት ነው፣ እቤት አይደለችም ብላ ለራሷ ነገረችና፣ “በሽታ” አለች። “ሳንባን . . . እያደረቀ . . . ትንፋሽ . . . ያሳጥራል። ድንጋይ . . . ጠራቢዎችንና . . .”

የሚከተለውን ለማንበብ ጣት አላስፈለጋትም። ከቆርቆሮው ላይ ወርዶ ካርዱ ላይ ቁጭ ያለ ይመስል ያው ነበር፤ ያው ፊደል፣ ያው ርዝመት። “እብነበረድ” አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። “እብነበረድ ቆራጮችን ያጠቃል።”

አዳራሹ የልጅቷን መልስ ለመስማት ጸጥ አለ። ዶርቃ ካርዱን እንደያዘች ቀና አለች። ፊት ወንበር ላይ ትሩፋት መነጽሯን አውልቃ፣ ዓይኗን በመዳፏ ይዛለች። ዶርቃ ወደ ልጇ ዞረች። ምስጢር እያለቀሰች ነበር፤ ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ እስከ ሸሚዟ አንገት ይወርዳል። ዶርቃ ጠዋት ስልኩን የሰማችበትን ጆሮ አሁን በሌላ ጆሮ የለወጡላት ያህል ሆነ። ከግቢው በር ማዶ የሚቀበለው አየር፣ የቀላው ፊት፣ ጉባኤ መካከል ቆሞ የነሣው እጅ፣ ሁሉም እየመጣ ከካርዱ ጎን ቆመ። ይህች ልጅ አላፈረችባትም። ይህን እንድታነብ አልፈለገችም እንጂ።

“ምስጢር፣ ጊዜሽ እያለቀ ነው” አለ መምህር ዲንሳ በቀስታ። ምስጢር ከንፈሯን ነክሳ እናቷን አየች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ልብስ ማስጫው ሥር ስንት ጊዜ ብላዋለች። እናቷ ፊት ግን ልትለው አልቻለችም። ዶርቃ ገባት። ድምፅ ማጉያውን ከአፏ አራቀች፤ የምትናገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

“ጥሪው፣ ልጄ” አለች። “በስሙ ጥሪው።”

ምስጢር ዓይኗን ጨፈነች። “ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ” አለች፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በአንድ ትንፋሽ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ አባት ተነሥቶ አፏጨ። እናትና ልጅ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ተያይተው ቆሙ፤ ምስጢር አንድ እርምጃ መጣች፤ ዶርቃ የቀረውን ሄደች።

ውጤቱን አልጠበቁም። ከአዳራሹ ውጭ፣ የውኃ ቧንቧው አጠገብ፣ ትሩፋት ሁሉንም ነገረቻት። ከገና በፊት ጌቱን ሆስፒታል የወሰደችው እሷ ናት። ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ የነገረውን አጠር ያለ ስም ይዞ መጥቶ፣ ምስጢርን ልብስ ማስጫው ሥር አግኝቷት፣ ይህ ስም ካንቺ ረጅም ቃል ጋር ዘመድ ነው እንዴ ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ቃሉን የመረጠችው ከዚያ በፊት ነበር፤ ርዝመቱን ብቻ ወድዳ ነበር። በኋላ ይቀየርልኝ ብላ መምህሩን ለምና፣ ካርዱ ተዘጋጅቷል ተባለች። ሐኪሙ ከአቧራው ካልራቅህ ይብስብሃል ብሎታል። ጌቱ ግን እስካሁን እየቆረጠ ነው።

“ለምን ለእኔ አልተነገረኝም?” አለች ዶርቃ።

ትሩፋት መሬት መሬት አየች። “ጉባኤ ፊት ቆመሽ መስክረሻል” አለች። “ከሳልኩ እሷን ውሸታም አደርጋታለሁ አለኝ። ሥራ ከተውኩም ለምን ተውክ ብላ ትጠይቀኛለች፤ መልሱ ደግሞ እቤታችን የሚጠራ ነገር አይደለም አለኝ።”

ዶርቃ ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ሰማች። መብራቱ የተቋረጠባቸውን ሳምንታት አሰበች፤ ያን ጊዜ የተፈወሰ መስሏት የነበረው ማሽኑ ስለቆመ ነው። “እኔ ታዲያ” አለች፣ ለትሩፋት ይሁን ለሌላ ሳይታወቅ፣ “ስሙን ሳላውቅ ምን ብዬ ነበር ስጸልይ የኖርኩት?”

ትሩፋት ልሸኛችሁ ብትል ዶርቃ እምቢ አለች፤ ግን ሳመቻት። ወደ ፉሪ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከምስጢር ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ ዶርቃ፣ አካፍለሽ ንገሪኝ አለቻት፤ ይህ ባቡር ምን ምን ጭኗል? ምስጢር በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻት። መጀመሪያ ያለው ሳንባ ነው፤ ቀጥሎ ያለው በዓይን የማይታይ ያህል ትንሽ ማለት ነው፤ ከዚያ ድንጋዩ፤ ከዚያ እሳተ ገሞራው፤ ከዚያ አቧራው።

“ይድናል የሚለውስ የቱ ጋ ነው?” አለች ዶርቃ።

“እሱ የለበትም፣ እማዬ።” ምስጢር የእናቷን እጅ ያዘች። “ሐኪሙ ግን አቧራውን ከተወ እዚያው ላይ ሊቆምለት ይችላል ብሏል።”

መቁረጫ ቤቱ ገና ሳይታይ ጩኸቱ ይሰማል። ከቆርቆሮው ሥር ሲደርሱ ዶርቃ ጽሑፉን ቀና ብላ አየችው፤ ነገር ግን አላነበበችውም። ውስጡ ጉም የገባበት ይመስላል። ጌቱ በሻሽ አፉን ሸፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ነጭ የእብነበረድ ሰሌዳ ላይ ማሽኑን ያስኬዳል። ዱቄቱ ከእጁ ሥር እየፈለቀ ትከሻው ላይ ይወርዳል። ዶርቃ ምስጢርን በር ላይ አቁማ ገባች። ጌቱ ቀና ሲል አያት፤ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች፤ እጇ ላይ ምሳ ዕቃ የለም፤ ካርድ ነው የያዘችው። ከኋላዋ ልጁን አየ። ማሽኑን አጠፋው። ጩኸቱ ሲቆም ያመለጠው ሳል ከሻሹ ሥር ወጣ፤ ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ፣ ሰሌዳውን ተደግፎ፣ እስኪያልቅ ሳለው። ዶርቃ አልገሠጸችውም። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ከዚያ የበሽታውን ስም ነገረችው። በረጅሙ አይደለም፣ ረጅሙ ምላሷ ላይ አልገባም፤ የድንጋይ አቧራ ሳንባህ ውስጥ ገብቷል አለችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በአፏ ጠርታ የማታውቀውን ነገር ቃል በቃል፣ ጣቷን ካርዱ ላይ እያስኬደች። እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሜ ተሳስቼ ነበር እላለሁ፤ እንዲጸልዩልህም ስምህን ከነሕመምህ እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ግን ዛሬ ከዚህ ትወጣለህ አለችው። ጌቱ ሻሹን ከአፉ አወረደ። የተሸፈነው ግማሽ ፊቱ ብቻ የሰው መልክ ነበረው።

“ማን ነገረሽ?” አላት።

“አነበብኩት” አለችው።

ጌቱ ሚስቱን ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለና፣ ጃኬቱን ሳያራግፍ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።